ቀለም ያልገባው ጠርዝ

ከጨርቃጨርቅ ፋብሪካው ማቅለሚያ ክፍል ጡረታ ስወጣ ከቀለም ጋር የተለያየሁ መስሎኝ ነበር። በሥራ ዘመኔ እጄ እስከ ክርኔ ሰማያዊ ነበር፤ ለሠርጌ እንኳ በሎሚ ብፈትገው አልለቅ ብሎኝ፣ ለሙሽራዪቱ ቀለበቷን በሰማያዊ ጣቶቼ አጠለቅሁላት። እሷ ሽመና ክፍል ነበረች። ከፈረቃ ስንወጣ በጣና ዳር እንሄዳለን፤ ጫማዋን አውልቃ ውኃው ውስጥ ትገባለች፣ እኔ ጉማሬ ፈርቼ ከዳር ቆሜ እፎክራለሁ።

አንድ ጡቷ በካንሰር ምክንያት ከወጣ በኋላ ግን ልብሷን ጀርባዋን ሰጥታኝ ትቀይር ጀመር። አርባ ዓመት አብሬያት የኖርሁት ሰውዬ የገዛ መኝታ ቤቴን አንኳኩቼ የምገባ እንግዳ ሆንሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ሐኪሟ ከሆዷ ሥጋ ተወስዶ አዲስ ጡት ሊሠራላት እንደሚችል ስትነግረን፣ እኔ አፌን ሳልከፍት እሷ እሺ አለች።

"ዋናው ነገር ደም ነው" አለች ሐኪሟ፣ ልጄ የምትሆን ወጣት። "ወደ ደረት የምናዛውረው ሥጋ ደም ካልደረሰው ይሞታል፤ በዓይን ብቻ ደግሞ አይለይም። ስለዚህ በደም ሥራቸው አረንጓዴ ቀለም እንሰጣቸዋለን። በልዩ ካሜራ ሲታይ ደም የደረሰበት ያበራል፤ ያልደረሰበት ጨለማ ሆኖ ይቀራል።"

ቀለም ተብሎ እኔ ዝም እላለሁ?

"ይለቃል?" አልኋት።

"ጉበት ያጣራዋል አባባ፤ ቶሎ ይወጣል።"

"እኛ ዘንድ ቶሎ የሚለቅ ቀለም ያመጣ ሰው ይባረር ነበር።"

ባለቤቴ በክርኗ ጎሰመችኝ። እኔ ግን ቀጠልሁ። "ጨርቅ አንድ ቦታ ላይ ቀለም እምቢ ሲል ወዲያው መቀስ አናነሣም። ምን እንደያዘው አይተን፣ ታግሠን፣ ደግመን እንነክረዋለን።"

"እናስታውሰዋለን" አለች፣ ሳቋን ውጣ።

በቀዶ ሕክምናው ዕለት ከጧት ጀምሮ ከመጠበቂያው ወንበር አልተነሣሁም። ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ ወጥታ ስልኳን አሳየችኝ። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ሥጋው ማለዳ ፀሐይ እንደመታው ውኃ ያበራል። አንድ ጥጉ ግን፣ መዳፍ የሚያህለው፣ ድፍን ጥቁር ነው።

"ሞተ?"

"ቀጥሎ ያለውን ይዩ እንጂ።"

የደም ሥሩ ትንሽ ታጥፎ ኖሯል። አስተካክለው፣ ጠብቀው፣ ቀለሙን እንደገና ሰጥተዋታል። ጥቁሩ አንሶ የጣት ስፋት ያለው ጠርዝ ብቻ ቀርቷል፤ እሱን ቆርጠው ጥለውታል።

"በእኔ ምክር ነው?"

"አይ አባባ፣ ሁልጊዜም የምንሠራው እንዲህ ነው።"

ለባለቤቴ ግን በእኔ ምክር ነው ብዬ ነገርኋት።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ነርሶቹ በየሰዓቱ እየመጡ አዲሱን ጡት በጣታቸው ጫን አድርገው ደሙ መመለሱን ያዩ ነበር፤ እኔን ያስወጡኛል። በአምስተኛው ቀን ነርሷ አይታ ስትወጣ ገባሁና፣ እንደ ልማዴ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።

"ወዴት ነው የምታየው?" አለችኝ ባለቤቴ። "ና እንጂ፣ የቀለም አዋቂ። ምን ይመስላል?"

ጋቢዋን ገልጣ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የለየኋቸው ቀለሞች ስማቸው ሁሉ ጠፋኝ። የራሷ ቀለም ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። እንባዬ እንዳይታወቅብኝ "ስፌቱ ትንሽ ጠሟል፤ እኛ ፋብሪካ ቢሆን ተመላሽ ነበር" አልኋት።

በሳቅ ፈነዳች። ወዲያው የተሰፋ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ "አንተ ሽማግሌ፣ ልትገድለኝ ነው!" እያለች ስድቧን ታወርድብኝ ጀመር፤ ጋቢዋን ግን አልመለሰችውም።