የተጎዘጎዘው ፈተና

በጃንሆይ ዘመን ቡራዩ ስንኖር ባለቤቴ ኮሌጅ ውስጥ ስለ ሣር ያስተምር ነበር። አንድ አዲስ ትምህርት ሊከፍት ሁለት ዓመት ለፋ። በመጨረሻ አለቃው፣ «የሣር ዓይነት ከሚለዩት ከሁለቱ የፈረንጅ መጻሕፍት አንዱን መርጠህ ሰኞ ጠዋት ካላሳወቅኸኝ ትምህርቱ ይሰረዛል» አለው። አንዱ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እያገላበጣቸው እህል አልበላ አለው።

ቅዳሜ ሱሉልታ ሜዳ ሄዶ ያበበ ሣር በየዓይነቱ አጭዶ መጣ። የትኛው መጽሐፍ ብዙውን እንደሚያውቅ ሊፈትን፣ በየእስሩ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አስሮ በረንዳ ላይ ደረደረው። ይህን ሁሉ ለኔ አልነገረኝም።

በማግስቱ ማርያም ነበረች፤ የማኅበሩ ተራ የኔ ነው። እሱ ማለዳ አጉሊ መነጽር ሊዋስ ወጥቷል። ሣሩን ሳይ፣ «ተመስገን፣ ዘንድሮስ ጉዝጓዝ አስታወሰ» አልኩ። ወረቀቶቹን የሻጩ ምልክት መስለውኝ እሳት ውስጥ ጨመርኳቸው። ሣሩን አሳምሬ ጎዘጎዝኩት።

ሲመለስ ቤቱ በማኅበርተኛ ሞልቷል።

«አንቺ፣ በረንዳ ላይ የነበረው ሣሬስ?»

«ቆመህበታል» አልኩት።

ሁለቱን መጻሕፍት ይዞ ተንበረከከና በእንግዶቹ እግር መሀል ይድህ ጀመር።

«ምን ጠፋብህ ልጄ?» አሉት የነፍስ አባታችን።

«ሣር ነው አባቴ። እግርዎን ትንሽ ያንሡልኝ።»

«ሣር ላይ ተንበርክከህ ሣር ጠፋብኝ ትላለህ?»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። የከብት ድርቆሽ የሚነግዱት ጎረቤታችን፣ ሁላችንም ኦቦ የምንላቸው ሽማግሌ፣ አዝነውለት አብረው ተንበረከኩ። አንዱን አገዳ አኘኩና፣ «ኩን ጮቆርሳ! ሰርዶ ነው! በል መጽሐፍህን ጠይቀው» አሉት።

ወፍራሙ መጽሐፍ ለሁሉም አስቀድሞ አበባውን ይጠይቃል፤ አበባው ደግሞ በማኅበርተኛው ጫማ ሥር አልቋል። ቀጭኑ የሚጠይቀው ቅጠሉ ከአገዳው የሚለይበትን ቦታ ነበር፤ እሱ አልጠፋም።

«አወቀው! ይኼኛው አወቀው!» ብሎ ባለቤቴ ሲነሣ ጠላ የያዘውን ጠረጴዛ በራሱ መታው።

«እንግዲያ ከብት የረገጠውንም ያውቃል» አሉ ኦቦ። «የኛ ሣር ደግሞ ያልተረገጠ የለውም።»

ሰኞ የቀጭኑን ስም ሰጠ፤ ትምህርቱም ተከፈተ። እንዴት መረጥከው ያለውን ሁሉ፣ «ሚስቴ ጎዝጉዛ ፈተነችልኝ» ይል ነበር።

ዘንድሮ ተራው ሲደርሰኝ ቄጠማ ገዛሁ። ከመጎዝጎዜ በፊት ግን እስሩን እያገላበጥኩ ወረቀት ፈለግሁበት።