አልነሳ ያለው ኮምፒውተር

ክረምት ነበር፤ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ለጉለሌ መምህራን የኮምፒውተር ሃርድዌርና የኔትወርክ መሠረታዊ ሥልጠና እንድሰጥ ተጠርቼ፣ ከቁስቋም ቁልቁል ባለ አንድ ትምህርት ቤት ለአሥር ቀን ተመደብኩ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት በር ላይ ቆሜ ሠልጣኞችን ሳስፈርም፣ የጫማውን ጭቃ ደረጃው ላይ እየጠረገ የሚመጣውን ሰው ከሩቅ አወቅሁት። ፀጉሩ ነጥቷል፣ ትከሻውም ጎብጧል። አገጩን ቀና አድርጎ ሰው የሚያይበት አኳኋን ግን ያው ነው።

"እንደምን አደርሽ ልጄ፣ የት ጋ ነው የምፈርመው?" አለኝ።

"እዚህ ጋ ይፈርሙ" አልኩት። በአፌ እርስዎ አልኩት፤ በሆዴ ግን አንተ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪዬ ነበር። በዚያ ዓመት ለትምህርት ቤታችን ያገለገሉ ኮምፒውተሮች በእርዳታ መጡና የክፍሉ ቁልፍ ለእሱ ተሰጠው። አባቴ ሽሮሜዳ ሸማኔ ነው። እኔም ጠዋት ጠዋት ለሽመና መወርወሪያው ክር አዳውሬለት ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው። የክፍላችን ተራ ደርሶ ተሰልፈን ልንገባ ስንል በር ላይ አስቆመኝ።

"እጅሽን አሳዪኝ።"

ቀዩ የጥበብ ክር ቀለሙን የለቀቀበትን ጣቴን አገላብጦ አየው። "የሸማኔ ልጅ፣ አንቺ መወርወሪያሽን ያዢ። ይኼ ለአንቺ አልተሠራም" አለ። ልጆቹ ሳቁ። ዓመቱን ሙሉ ክፍሌ ሲገባ እኔ ውጭ ቆሜ በመስኮት አይ ነበር። ለአባቴ አልነገርኩትም። ብነግረው ጋቢውን አጣፍቶ መጥቶ አስተማሪውን ይቅርታ እንደሚጠይቅልኝ አውቅ ነበር።

ሃያ ዓመት ሆኖታል። እንግዲህ አሁን ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

በሁለተኛው ቀን ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ እሱ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር ከፈትኩና ራሙን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ያለ እሷ የማይነሳባትን ያችን ጠባብ ሰሌዳ፣ ከቦታዋ ትንሽ ነቀል አድርጌ ክዳኑን መለስኩ። ሥልጠናው ሲጀመር "አብሩ" አልኩ። የሁሉም በራ። የእሱ ብቻ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል።

"የእኔ አልነሳ አለ" አለ እጁን አውጥቶ፣ እንደ ተማሪ።

አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። "እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ።"

ግራ ገብቶት ዘረጋልኝ። ከዓመት ዓመት ጠመኔ ያደረቀው እጅ ነው።

"ጠመኔ የለመደ እጅ ይኼን ሥራ አይችለውም" አልኩ ጮክ ብዬ። ክፍሉ ሳቀ። እሱም አብሮ ለመሳቅ ሞከረና አልሆነለትም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በዚያ አላቆምኩም። በማግስቱ የሃርድ ዲስኩን ገመድ ነቀልኩበት። ከዚያ የኔትወርክ ገመዱን ጫፍ ቆርጬ ሽቦዎቹን አቀያይሬ መልሼ አሰርኩበት፤ ሰው ሁሉ ፋይል ሲለዋወጥ እሱ ብቻውን ተቆርጦ ቀረ። ሲጠራኝ "መጣሁ" እልና አልሄድም። ከጎኑ የተቀመጠች ወጣት መምህርት ልትረዳው ስትል "ሁሉም የየራሱን" ብዬ ከለከልኳት። ሌሎቹ ለሻይ ሲወጡ እሱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ እንዳጎነበሰ ይቀራል። ይተዋል ብዬ ነበር። አልተወም። ጭራሽ ከእኔ ቀድሞ በር ላይ መገኘት ጀመረ። እኔም ተንኮሌን ወደ ምሳ ሰዓት አዞርኩት።

የተግባር ፈተናው ቀን በምሳ ሰዓት ራሙን እንደገና ነቀልኩበት። "አብሩ" ስል ያው ጢጥታ ተሰማ። ዘንድሮ አለቀልህ አልኩ በልቤ። እሱ ግን አልጠራኝም። የመብራቱን ገመድ ነቀለ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ ራሙን አወጣ፤ ከደረት ኪሱ ላጲስ አውጥቶ የራሙን የብረት ጥርሶች ቀስ አድርጎ ፈገፈጋቸው፣ እፍ አለባቸው፣ ከዚያ በሁለት አውራ ጣቱ ቀጭ እስኪል ተጫነው። ኮምፒውተሩ ተነሳ።

ቀና ብሎ አየኝ። "ይኼ ነገር በራሱ አይወልቅም። ሰው ነው የሚነቅለው" አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"አዎ፤ እኔ ነኝ" አልኩ። በሁሉም ፊት ነገርኩት። የእጄን ነገር፣ የመወርወሪያውን ነገር፣ የመስኮቱን ነገር። 

መነጽሩን አወለቀ። "አላስታውስም" አለ። "በእጄ ያለፈው ልጅ ብዙ ነው። ግን ብየው ይሆናል። ያኔ እንዲህ እንናገር ነበር።"

አላልኩም ብሎ ቢክደኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ሃያ ዓመት የተሸከምኩት ነገር ለእሱ "ይሆናል" ነው።

ስንወጣ ወጣቷ መምህርት መንገድ ላይ አስቆመችኝ። "አንቺ አሠልጣኝ አይደለሽ እንዴ? እንዴት እንዲህ ታደርጊያለሽ?"

"ከአስተማሪዬ ተምሬ ነው" አልኳት። ጥላኝ ሄደች። ነገሩን ለጠራኝ የሥልጠናው አስተባባሪ የነገረው ማን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ከዚያ ክረምት ወዲህ ግን ለሥልጠና ጠርቶኝ አያውቅም።

በፈተናው ብልሽት ፈልጎ በማግኘት ከሠልጣኞቹ ሁሉ የበለጠው የድሮ አስተማሪዬ ሆነ። እያንገበገበኝ፣ የሚገባውን ውጤት በገዛ እጄ ጻፍኩለት። ያን ሁሉ ያስተማርኩት እኔው ነኛ።

በመጨረሻው ቀን የምስክር ወረቀቱን በፕላስቲክ ሸፍኖ ዝናብ ውስጥ ግቢው በር ላይ ጠበቀኝ።

"ልጄ፣ ይቅር በይኝ።"

"አልልም" አልኩት። "እርስዎ ቢያንስ ውስጥ ገብተው ኮምፒውተሩን ነክተዋል።"

አንድ ጊዜ ራሱን ነቀነቀና ቁልቁለቱን በጥንቃቄ ወረደ። መንገዳችን አንድ ነበር። አብሬው ላለመሄድ ስል እዚያው ቆምኩ፤ ከእንጦጦ የወረደው ጉም እስኪሸፍነው ድረስ ጀርባውን አየሁት። ከነቀልኩበት ነገር በአንዱም አልተጸጸትኩም።