ማዳመጫው ጤነኛ ነበር

መጀመሪያ የታመመው ዕቃው መሰለኝ። ቀጥሎ ጆሮዬ መሰለኝ። ፊቴ መሆኑን ያወቅሁት በሦስተኛው ቀን ነው፤ እሱንም የነገረኝ ሐኪም ሳይሆን የሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ፊቱ ባንድ ጎን ዝም ብሎበት መስታወት ፊት ግራ ተጋብቶ የቆመ ሰው ካለ፣ ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው።

እንጅባራ ውስጥ በአንድ የማርሽ ባንድ ትራምፔት እነፋለሁ። የምኖረው እትዬ ይታይሽ ግቢ፣ ከኋላ ባለችው ክፍል ተከራይቼ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወራት አልፈዋል፤ እሳቸው ግን ጥቁራቸውን እንደለበሱ ሙት ዓመቱን ይጠብቃሉ። ሬዲዮ በማይከፈትበት የሐዘን ግቢ ትራምፔት አይታሰብም። በዚያ ላይ በሰፈራችን ሰው ሲሞት እድርተኛውን የሚጠራው ጥሩምባ ነው። ጥሩምባ የሰማ ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ነው ከቤቱ የሚወጣው።

ስለዚህ ከአንድ የድሮ የባንድ ጓደኛዬ ኤሌክትሮኒክ ድምፅ ማፈኛ ተዋስሁ። የትራምፔቱ ሰፊ አፍ ላይ ይወተፋል፤ ውስጡ ያለችው ማይክሮፎን ድምፁን ይዛ በሽቦ ወደ ጆሮ ማዳመጫ ትልከዋለች። ነፊው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የቆመ ያህል ይሰማዋል፣ ደጅ ያለ ሰው ግን ትንፋሽ የሚመስል ነገር ቢሰማ ነው። ወራት ሙሉ እንዲህ ማንንም ሳላስቀይም ተለማመድሁ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ድምፁ ቀኝ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ። ቀነስሁት። ግራው ሊጠፋ ደረሰ፣ ቀኙ አሁንም ይበሳኛል። ማዳመጫውን ገልብጬ የግራውን በቀኝ አደረግሁት። አሁንም የሚጮኸው ቀኙ ነው። ጥፋቱ የማዳመጫው ቢሆን ኖሮ ጩኸቱ አብሮ ወደ ግራ መሻገር ነበረበት። ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ እኔ ግን ባትሪ ቀየርሁ።

ረቡዕ ምሳ ላይ ሽሮው ግማሽ ምላሴ ላይ ጣዕም አጣ። ውኃ ስጠጣ ኮሌታዬ ላይ ፈሰሰ። ትራምፔቱን ሳነሳ በቀኝ የከንፈሬ ጥግ አየር ሾለከ። ከንፈር የሚያርፍበትን መንፊያውን አጠብሁት። እትዬ ይታይሽ አዩኝና፣ «ምች መትቶሃል» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አሸቱኝ። በማግስቱ ትንሽ የተሻለኝ መሰለኝ፤ መሻሉንም አለመሻሉንም በምን እንደለካሁት አላውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ዳንግላ ወረድሁ። ሐኪም ፍለጋ አልነበረም። የሰው ዕቃ ነው፣ ሳይባባስ ላሠራው ብዬ ነው።

ጠጋኙ ሰኢድ ይባላል። ማዳመጫውን በሁለት ጆሮው ሰክቶ፣ ማይክሮፎኗን በጣቱ መታ መታ አደረጋት። ደጋገመው።

«ዕቃው ጤነኛ ነው» አለኝ።

«ቀኙ ይጮኻል እኮ!»

«እኔ ጆሮ ላይ እኩል ነው።»

እንዳያሳፍረኝ ብሎ መሰለኝ፣ የሽቦውን መሰኪያ እፍ አለበት። አቧራው ፊቴ ላይ ቦነነ። ቀና ብሎ አየኝና እጁ ቆመ።

«ወንድሜ፣ ግራ ዓይንህ ተጨፈነ። ቀኙ አልተጨፈነም።»

ደጁ ላይ ወደ ቆመ ባጃጅ ወስዶ በመስታወቷ አሳየኝ።

«እስቲ ሳቅ።»

ሳቅሁ። ግራው ሳቀ። ቀኙ ዝም አለ። የራሴ ፊት ነው። አላውቀውም።

ሰኢድ ሱቁን ዘግቶ በዚያው ባጃጅ ሐኪም ቤት አደረሰኝ። ሐኪሟ እጆቼን አስዘረጋችኝ፣ አስቆመችኝ፣ አስኬደችኝ።

«ግንባርህን አኮማትር» አለችኝ። የግራው ተኮማተረ። የቀኙ ለጥ ብሎ ቀረ።

«ስትሮክ አይመስልም፤ ስትሮክ ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ግንባር ይንቀሳቀሳል። ቤልስ ፖልሲ ነው። ፊትህን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ አብጧል።»

«ጆሮዬስ?»

«ኃይለኛ ድምፅ የምታለዝብ ትንሽ ጡንቻ ጆሮህ ውስጥ አለች። እሷንም የሚያዛት ይኸው ነርቭ ነው። መቼ ጀመረህ?»

«ማክሰኞ።»

«መድኃኒቱ በሦስት ቀን ውስጥ ሲጀመር ነው የሚበጀው። እስካሁን ምን ስትሠራ ነበር?»

«ባትሪ ስቀይር» አልሁ። አልሳቀችም።

መጠየቅ የፈራሁትን ጠየቅሁ። ትራምፔት መንፋት እችል ይሆን?

«ብዙ ሰው ይድናል። የነፊ ከንፈር ግን እንደ ድሮው ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልህም።»

ሌላ ሙያ የለኝም። እንዴት ወደ እንጅባራ እንደተመለስሁ በደንብ አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ዝግ ብለው ሄዱ። ጠዋት ጠዋት የነርቩን እብጠት የሚቀንሰውን ፕሬድኒሶሎኔን ምግብ በልቼ እየወሰድሁ፣ ዓይኔ እንዳይደርቅ ጠብታ እየጨመርሁ፣ ስተኛም የዓይኔን ቆብ በፕላስተር እየለጠፍሁ ቆየሁ። ትራምፔቱን እንዳልነካ ስለተከለከልሁ ጠረጴዛ ላይ አይቼው አልፋለሁ፣ ተመልሼ ደግሞ አየዋለሁ። በአምስተኛው ሳምንት የከንፈሬ ጥግ፣ ፊቴን ለማለማመድ ፊደል ስቆጥር፣ ንቅንቅ አለች፤ ሐኪሟም በቀን ለጥቂት ደቂቃ፣ ሳልጨነቅ፣ በስሱ እንድነፋ ፈቀደችልኝ።

ማፈኛውን ወተፍሁ፣ ማዳመጫውን ሰካሁ፣ ነፋሁ። ድምፄ አዳራሹን ሞላው። እኔው ነኝ! በደስታ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብሁ። ጥቂት ቀን እንዲህ ካደረግሁ በኋላ ድኛለሁ ብዬ ባንዱ ልምምድ ላይ ተገኘሁ፣ ማፈኛውን አውልቄ ነፋሁ። አየር ወጣ። ደገምሁ። አየር። ጓደኞቼ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

ምንም አልገባኝም። ማለዳ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ዕቃው ደካማውን ድምፅ ያጎላል፣ የአዳራሽ ማሚቶም ይጨምርበታል፤ ይህን ከድሮም አውቅ ነበር፤ ግን የወደደውን የሚሰማ ሰው ያወቀውን ይረሳል። የትኛው የእኔ ድምፅ እንደሆነ፣ የትኛው የባትሪው እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ለእትዬ ይታይሽ እያለቀስሁ ነገርኋቸው።

«እኔማ ከደጅ ፍስስ ሲል ነው የምሰማው» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«የጥሩምባ ወጉ እንዲያ ይሆን ብዬ ነዋ! ደስ ብሎህ አይቼ ዝም አልሁ።» ትንሽ አሰቡ። «በል አውልቀውና እዚሁ ንፋ።»

«ሙት ዓመቱ ሳይደርስ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ይበል። እሱ ቢኖር ንፋ ነበር የሚልህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ምስር እየለቀሙ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔ ፊታቸው ቆሜ እነፋለሁ። «ዛሬም ፍስስ ነው» ይሉኛል። ሌላ ቀን፣ «መሐሉ ላይ ትንሽ ድምፅ ነበረው» ይሉኛል። እንደሳቸው እውነቱን የነገረኝ ማዳመጫ የለም።

እንግዲህ ምክሬ ይኸው ነው። ፊትህ በድንገት ካዘነበለ ምች ነው፣ ዕቃው ነው ሳትል በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ስትሮክ ሊሆንም ይችላል፣ የሚለየው ሐኪም ነው። ዓይንህን ጠብቅ። ስታገግም ደግሞ ሊያስደስትህ የማይጣደፍ ሰው አጠገብህ ይኑር። እኔ ዛሬ አንድ ሰዓት ያህል እነፋለሁ፤ ከፍ ያለ ድምፅ ላይ ቀኝ ዓይኔ ሳላዘው ይጨፈናል። ሐኪሟ ነርቩ ሲያገግም መንገድ ስቶ ነው አለችኝ። ሰልፍ ላይ የጠቀስኋቸው የመሰላቸው ሴቶች አሉ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሰኢድን ሱቁን ስለዘጋልኝ አመሰግናለሁ፣ ሐኪሟንም ያላወቀችውን አላውቅም ስላለችኝ። እትዬ ይታይሽን ግን እንዴት እንደማመሰግን አላውቅም።

ድምፁ የተመለሰ ቀን ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሁለት ወር ይቀረው ነበር። እንደወትሮው ነፋሁ፤ ከንፈሬ ያዘ፣ ድምፁ ሞልቶ ወጣና አጥሩን ተሻገረ። እትዬ ይታይሽ የሚለቅሙትን ምስር አስቀመጡ። ወዲያው የጎረቤታችን የአያ ቢተው በር ተከፈተ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እየሮጡ ግቢያችን ገቡ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

እትዬ ይታይሽ በጥቁር ልብሳቸው ብድግ አሉ። መጀመሪያ በአውንጊ መለሱላቸው፤ ቀጥሎ እኔም እንድሰማ በአማርኛ ደገሙት።

«ማንም አልሞተ። ልጄ ድኖ ነው።»