የሦስተኛው ረድፍ ወንበር

ምንይችል ነገር አብዝቶ የሚያስብ ሰው ነው። በዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ሃያ ዓመት ሲሠራ አንድ የተማሪ ውጤት ሦስት ጊዜ ሳያየው ፈርሞ አያውቅም። ጎረቤቶቹ «እሱ የክረምት ጫማ እስኪመርጥ መስቀል ይደርሳል» እያሉ ያሙታል። ስለዚህ ቤንዚን ፍለጋ መሰለፉ አንገፍግፎት፣ አሮጌ መኪናውን ሸጦ ያገለገለች የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ ሲነሣ፣ ከሚስቱ ከእቴነሽ ጀምሮ ቶሎ ይገዛል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

ምርጫው በመጨረሻ ሁለት መኪኖች ላይ ወደቀ። ሁለቱም አዘዞ መንገድ ላይ ባለው በሐምዛ ግቢ የቆሙ ናቸው። ነጯ ሰባት ሰው ትይዛለች፤ ከኋላ የሚታጠፍና የሚዘረጋ ሦስተኛ ረድፍ ወንበር አላት፤ ባትሪዋ ግን ደክሟል። ሰማያዊዋ የምትይዘው አምስት ሰው ነው፤ ባትሪዋ ጤነኛ ነው። ሐምዛ አታላይ ነጋዴ ስላልሆነ ሁለቱንም ነድታችሁ እዩአቸው ብሎ ለባልና ሚስቱ ቁልፍ ሰጣቸው። በሁለት ቅዳሜ ወለቃን አልፈው የኮሶዬን ዳገት ወጡ። ሰማያዊዋ ባትሪዋ ሰማኒያ በመቶ ሞልቶ ተነሥታ ስልሳ ስምንት ላይ ደረሰች። ነጯ ከዚያው ከሰማኒያ ተነሥታ ሃምሳ አምስት ቀራት። ሲመለሱ ቁልቁለቱ ለሁለቱም ባትሪ ጥቂት ጥቂት መለሰላቸው። ምንይችል ሁሉንም በደብተሩ ጻፈ። ደብተሩን ያየ ሰው ሁሉ ሰማያዊዋን ይገዛል።

እቴነሽ ግን ልቧ ያረፈው ነጯ ላይ ነው። ከኮሶዬ ሲመለሱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ገብታ፣ በጉልበቷና በፊተኛው ወንበር መካከል ያለውን ክፍተት በስንዝር ለካች። የምትለካው ለልጃቸው ለወንድምአገኝ ነው፤ ቁመተ ረጅም ስለሆነ እግሩ እንዳይጨነቅበት ብላ። እሱ የመጣ ቀን እህቱ ማርያማዊት ትኖራለች፣ ዘመድ አዝማድ ሊቀበለው ይወጣል፣ ሁሉም በአንድ መኪና ይመለስ እንጂ ለምን ይበታተናል አለች። ምንይችል መሪውን ይዞ መንገዱን እያየ ዝም አለ።

ዝም ማለት ከጀመረ ሰባት ወሩ ነው። ወንድምአገኝ ተመርቆ ሥራ ቢያጣ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በመተማ ወጥቶ ሊቢያ ገባ። ባለፈው ጥምቀት ሰሞን አብሮት የነበረ ልጅ ለምንይችል ደውሎ፣ ጀልባቸው እንደ ሰጠመችና ወንድምአገኝ ሲሰጥም በዓይኑ እንዳየው ነገረው። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። ምንይችል የቢሮውን በር ቆልፎ ፊቱን በኮቱ ሸፍኖ አለቀሰ፤ ቤቱ ሲገባ ጉንፋን ነው አለ። እቴነሽ ልጇ ስልክ የማይደውለው ታስሮ ነው ብላ ታምናለች፤ የታሰረ ደግሞ ይፈታል።

መርዶ የራሱ ወግ አለው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎሕ ሲቀድ በር ይንኳኳል፣ የንስሐ አባት ከፊት ይቆማሉ። እናት ክፉውን ቃል ብቻዋን አትሰማም። ምንይችልም ወጉን አከብራለሁ ብሎ ቀን መምረጥ ያዘ። መጀመሪያ ዐቢይ ጾም ይውጣ አለ። ጾሙ ሲወጣ የግንቦት ሠርግ መጣ፤ የሰው ደስታ አይበላሽ አለ። ሠርጉ ሲያልፍ የማርያማዊት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ደረሰ። ፈተናው ሲያልፍ ፍልሰታ ገባች፤ እቴነሽ ልጇ እንዲፈታላት ሱባኤ ይዛ ነበርና ሱባኤዋን ማን ይድፈረው? ጾምም ሠርግም ፈተናም የሌለበት ወር በዚህ አገር ከየት ይመጣል? ታላቅ ወንድሙ አያ አላምረው ከማክሰኝት ድረስ መጥቶ «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ብሎ ቢመክረው፣ እሺ ብሎ ሸኘው። በመጨረሻ ከንስሐ አባታቸው ከአባ ገብረ ኢየሱስ ጋር ለዘመን መለወጫ ማግስት ቀን ቆረጡ። እስከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፣ ሐምዛም ሰምቷል። ያልሰሙት እናትና እህት ብቻ ነበሩ።

በነሐሴ መጨረሻ ቅዳሜ፣ ዝናቡ አባርቶ ሳለ፣ ባልና ሚስት ምርጫቸውን ሊቆርጡ ሐምዛ ግቢ ገቡ። ምንይችል ደብተሩን ገልጦ ስለ ባትሪው እንደገና አስረዳ። እቴነሽ በትዕግሥት ሰምታው ስታበቃ፣ ባትሪው ቢደክም ይድከም፣ ልጄ ይመቸው አለች። ከዚያም የነጯን የኋላ በር ከፍታ ሦስተኛውን ረድፍ ዘረጋችው፤ በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችለት። ምንይችል ያንን ባዶ ወንበር በየማለዳው በመስታወት እያየ ሊነዳ እንደሆነ ታየው። ለመርዶው የተቆረጠው ቀን ሊደርስ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው፤ አንደበቱ ግን ሁለት ሳምንት መቆየት አቃተው።

«እቴነሽ፣ ትንሿ ትበቃናለች» አላት።

«ለስንት?»

መዋሸት ይችል ነበር፤ ሰባት ወር ሙሉ ችሎበታል።

«ለሦስት።»

እጇ ወንበሩ ላይ እንዳለ ቀረ። ዞራ ሐምዛን አየችው፤ ሐምዛ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። እሱም እንደሚያውቅ ያኔ ገባት።

«መቼ?» አለች።

«ጥር ላይ። ባሕር ላይ ነው። ዘመድ ሰብስቤ ልነግርሽ…»

«ለፋሲካ ሸሚዝ ገዛሁለት» አለች፤ ድምጿ ከፍ አላለም። «ቁጥሩ ከፍ ይበል፣ አሁን ትከሻው ሰፍቷል ያልኸኝ አንተ ነህ።»

እቴነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ከነጯ መኪና ጎን እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ጩኸቷ ወጣ። ዙሪያዋን የሚከብ ዘመድ የለ፣ ደረት የሚመታላት ጎረቤት የለ፤ የሰባት ወር ልቅሶ በሰው ግቢ፣ በሁለት መኪኖች መካከል፣ ለብቻዋ ወረደባት። ሐምዛ የግቢውን በር ዘግቶ፣ ገበያተኛውን መልሶ፣ ራቅ ብሎ እንደሷ መሬት ተቀመጠ።

ምንይችል ክንዷን ሊይዝ ጎንበስ አለ፤ ዘመድ እስኪመጣ ቤት እንግባ አላት።

«አንተ ሰባት ወር አልቅሰሃል» አለችው ሳታየው። «እኔ ዛሬ መጀመሬ ነው። ተወኝ።»

እጁን መለሰ። ቢያንስ አብሯት ያለቅስ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ፤ እንባ ግን አልመጣለትም። በቢሮው፣ በየመንገዱ፣ ከእሷ ተደብቆ ጨርሶት ነበር።