ለባሕር ዳርቻው የተሰጠን ሁለት ደቂቃ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከሰሜን ሲያትል፣ ከሌክ ሲቲ፣ በመኪናዬ ወደ ደቡብ ሲያትል ተነሣን። የጉዞው ዓላማ አንዲት ጠባብ የባሕር ዳርቻን ማስጣል ነበር። የከተማው ባለሥልጣናት ዳርቻውንና ከውሃው ሥር ያለውን መሬት ለግል ጀልባ ማቆሚያ ሊያከራዩ አስበዋል። ከዚያ በፊት ግን የአካባቢውን ሕዝብ ሐሳብ መስማት ይፈልጋሉ። በጉን ከማረዳቸው በፊት አስተያየቱን የሚጠይቁ ጨዋ ሰዎች ናቸው።

ከጎኔ የሆሳዕናው ሰው ጋሽ ላምቤቦ ክራቫት አስረው ተቀምጠዋል። ከኋላ ባለሱቋ ሽኩሪያ ሳምቡሳ በፎይል ጠቅልላ ይዛለች። ሱቋ ውስጥ አንዱን በሁለት ዶላር ትሸጠዋለች። ለእኛ በነፃ ነው፤ አልበላም ያለ ግን ስድቧን አይችለውም።

አውራ ጎዳናው በመኪና ተጨናንቋል።

«እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው፤ አንቺም ተናገሪ» አልኳት።

«ጋሼ እያሉ? አበድክ እንዴ! ለመናገር የተመዘገብነው ሁላችንም ስማችንን ካንስል አስደርገናል። ሶ፣ እሳቸው ይናገራሉ፣ አንተ ትተረጉማለህ። ኦኬ?»

ዳርቻው

ፓርክ አድርገን ወረድን። ባሕሩ ሸሽቶ ጥቁር ጭቃና ዛጎል ገልጧል። ጋሽ ላምቤቦ ማዕበል የጣለውን ግንድ በእጃቸው ዳበሱ። ባለቤታቸው ታመው ሳሉ የሚቀመጡት እዚያ ላይ ነበር። ሲያርፉ አስከሬናቸው አገር ቤት ተልኳል።

«እኔን ሐኪም አውሮፕላን ከልክሎኛል» አሉ። «መቃብሯ ሆሳዕና ነው፤ የምጠይቃት ግን እዚህ ነው። ካጠሩት የት እሄዳለሁ?»

አዳራሹ

ለአንድ ተናጋሪ ሁለት ደቂቃ፣ ትርጉሙን ጨምሮ። ጋሽ ላምቤቦ ተነሥተው ሰብሳቢዋን ጤንነቷን ጠየቁ። ተረጎምኩ። የቤተሰቧን ደኅንነት ጠየቁ። ተረጎምኩ። ስለጠራቻቸው አመሰገኑ፤ ልጆቿ ለወግ ለማዕረግ እንዲበቁላት መረቁ። እሱን ተርጉሜ ሳልጨርስ ደወሉ ጮኸ።

«ባለቤቴ…» ብለው ነበር። ሰብሳቢዋ ፈገግ ብላ አመሰገነቻቸው። አዳራሹ አጨበጨበ።

ቀጥሎ የተነሣው የተከራዮቹ ጠበቃ እንደምን ዋላችሁ እንኳ አላለም፤ ጊዜ ተረፈው። ኪራዩ እዚያው ጸደቀ።

ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው ሰዓቱን ይረግማሉ። እኔ በሰዓቱ አልፈርድም፤ ለሁሉም እኩል ነበር። የሰውን ደኅንነት ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነው ብለን ያደግን ሰዎች፣ ይህን ነውር የማያውቅ አዳራሽ ገባን። ብዙ አፍ ነበረን፤ በአክብሮት አንድ አደረግነው።

ስንመለስ

«ምን አሉ?» ሲሉ ጋሽ ላምቤቦ ጠየቁኝ።

ሽኩሪያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«አከራዩት፣ ጋሼ።»

ሌክ ሲቲ ደርሰን በራቸው ላይ ሞተሩን አጠፋሁ። አልወረዱም። ክራቫታቸውን አስተካከሉና ፊት ለፊታቸው እያዩ፣ «ባለቤቴ አማረች ትባላለች» ብለው ጀመሩ። ስለ ሕመሟ፣ ስለ ግንዱ፣ ማዕበሉ ሲመለስ እግሯን እንዴት እንደምትሰበስብ እስከ መጨረሻው ተናገሩ። ያቋረጣቸው የለም። መተርጎምም አላስፈለገም።