አባቴ የጠየቀኝ መጽሐፍ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴም፣ ለባሌም። እናንተ አታውቁኝም፤ አፌ የተፈታው ለዚያ ይሆናል።

እኔ ጆሃንስበርግ ተወልጄ ያደግኩ የነጋዴ ልጅ ነኝ። አባቴ ቮስሎሩስ ውስጥ፣ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር፣ በቆርቆሮ የተሠራች ሱቅ ነበረችው። ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፌን ስሠራ ስለ እሱ ንግድ መጻፍ አሳፈረኝና ረግጫቸው የማላውቃቸውን ስዊድንንና ፊንላንድን መረጥኩ። የሁለቱን አገሮች የዕቃ ንግድ ሳገላብጥ ግን አንድ ነገር አልገባ አለኝ። ሁለቱም ደን በደን ናቸው፤ ሆኖም እንጨትና ወረቀት አንዱ ለሌላው ይሸጣል። ሰው ያለውን ነገር ለምን ይገዛል?

ምሳ ላይ ለአባቴ ነገርኩት። ሳቀብኝ።

«ይሄ ምኑ ይገርማል? እኔም ስኳር አለኝ፣ ጎረቤቴ ማማ ኖምሳም ስኳር አላት። የኔ ሲያልቅ ከሷ እወስዳለሁ፣ የሷ ሲያልቅ ከኔ ትወስዳለች። ስለምንተማመን እኮ ነው! ሎኬሽን ውስጥ መተማመን ከሌለ ሱቅም የለም።»

እንዳለ ጻፍኩት። ከማን እንደሰማሁት ግን አልጻፍኩም።

ጽሑፌን በማቀርብበት ቀን አባቴ ሱቁን ዘግቶ፣ የጁምዓ ልብሱን ለብሶ መጣና ከኋላ ተቀመጠ። አንዱ መምህሬ ያንን ሐሳብ አድንቆ ከየት እንዳገኘሁት ጠየቀኝ። በእጄ ወደ ኋላ መጠቆም ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ ምን አልኩ? «ከአንድ የስዊድን ምሁር መጽሐፍ» አልኩ። ዋሸሁ። የሌለ ሰው ፈጥሬ አባቴን ካድኩት።

ስንወጣ ያኮርፈኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን ፊቱ በርቷል።

«ሰማሽ ልጄ? እኔ የማስበውን ፈረንጅ በመጽሐፍ ጽፎታል! ማሻአላህ! አምጪልኝ፤ ባላነበውም ቤት ይቀመጥ።»

አመነኝ። ልጁ ለምን ትዋሸዋለች ብሎ ያስብ? ጀርሚስተን ጅምላ ሊገዛ ሲሄድ ላገኘው ነጋዴ ሁሉ ያወራ ነበር። በየዒዱ «መጽሐፉስ?» ይለኛል። «ከገበያ ጠፍቷል፣ አባዬ» እለዋለሁ። ስንት ዒድ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔ እያደር ጠቆረ። መናገር አቅቶኝ ነበር? አላቃተኝም። አፈርኩ እንጂ፤ መጀመሪያ በሱቁ፣ ኋላ በውሸቴ።

ባለፈው ዓመት አረፈ። ለቅሶ ላይ ማማ ኖምሳ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ብዙ አለቀሰች። ከዚያ በዙሉኛ፣ «አባትሽ፣ ‹እኔና አንቺ መጽሐፍ ውስጥ አለን› ይለኝ ነበር። ለልጆቼ ላሳያቸው፤ የመጽሐፉ ስም ማን ነው?» አለችኝ።

«ረሳሁት» አልኳት። የመቃብሩ አፈር ገና አልደረቀም ነበር።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው እሱ ነበር። እሱ ደግሞ እንደበደልኩት ሳያውቅ፣ ለዚያ ለሌለ ፈረንጅ ዱዓ እያደረገ ሞተ።