ከወለሉ በታች ያስገባሁት መብራት

ያንን መብራት የመረጥኩት እኔ ነኝ። ባሌን ጨቅጭቄ፣ አፉን አስይዤ ነው ያስገባሁት።

በሰው አገር፣ ኪዋቱሌ በሚባል ሰፈር የተከራየነው ቤት ቁልቁለት ላይ የተሠራ ነው። ከፊት ለፊት ከመሬቱ ጋር እኩል ነው፤ ከኋላ ግን ወለሉ ከፍ ይልና ከሥሩ ጎንበስ ተብሎ ብቻ የሚገባበት ባዶ ቦታ አለ። የውሃው ፓምፕ እዚያ ነው፤ ባዶ ካርቶንና የተሰበረ ወንበርም እዚያ ነው የሚጣለው። በጓሮ በኩል ትንሽ በር አለችው፤ አየር እንዲገባም ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ያላቸው ጡቦች ተደርድረዋል። በጠራራ ፀሐይ እንኳ ጨለማ ነው፣ እርጥብ እርጥብ ይሸታል። ባሌ በፊት እዚያ ሲገባ አይቼው አላውቅም።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ ኮሮና መጣና ቤት ዘጋብን። የልብስ ሱቄ ተዘጋ፣ የባሌ ቢሮ ተዘጋ፣ መኪና መንዳት ተከለከለ፤ ቦዳ የሚሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲ እንኳ ዕቃ ብቻ እንጂ ሰው መጫን ተከለከለ። ለእኔ የከፋው ግን የኤርፖርቱ መዘጋት ነበር። እናቴ አዲስ አበባ ስኳሯ ተነስቶባት ተኝታለች፤ ልሄድ ሻንጣዬን ካዘጋጀሁ በኋላ ነው የቀረሁት። ከዚያ ወዲህ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ድምጿን መስማት። ስደውል ታናሽ እህቴ ታነሳለች። «አሁን ገና እንቅልፍ ወሰዳት» ትለኛለች። በማግስቱ ደግሞ «ጉሮሮዋን ይዟታል፣ ብዙ አትናገሪ ብለዋታል። አንቺ በድምፅ ላኪላት፣ እኔ አሰማታለሁ።» እኔም በየቀኑ እየቀዳሁ እልካለሁ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ባሌ «ታች መብራት እናስገባ» አለ። ፓምፑ እያስቸገረ ስለሆነ እየወረደ ማየት አለበት። እኔ ሥራ ፈትቼ ተጎልቻለሁ፤ የሚመረጥ ነገር ተገኝቶ ዝም ልል ነው? እሱ የፈለገው ጭል ጭል የምትል ተራ አምፖል ነበር።

«እንዴ! ጣሪያው እኮ እዚህ ድረስ ነው» አልኩት ደረቴን እየነካሁ። «ቀና ስትል በአናትህ ትሰብራታለህ። ደግሞ እርጥበቱስ? ውኃ የማያስገባ፣ ሽፋን ያለው፣ ከላይ ልጥፍ የሚል ነው የሚሆነው። ማብሪያውንስ በዳበሳ ልትፈልግ ነው?»

የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች ሲከፈቱ ባለሱቁን ፎቶ አስላክኩትና መረጥኩ። ነጭ፣ ደማቅ፣ ሰው ሲንቀሳቀስ ራሱ የሚበራ፣ ጸጥ ሲል ራሱ የሚጠፋ።

«ብርሃኑ በዛ» አለ ባሌ። «በጡቦቹ ቀዳዳ ሁሉ ወጥቶ ይታያል።»

«ይታያ! ምን የምትደብቀው ነገር አለህ?» ብዬ ሳቅሁበት።

«የፈለግሽውን አድርጊ» አለ። በወጥ ጨው ክርክር እንኳ የማይሸነፍልኝ ሰው በአንድ ቃል እጁን ሰጠ፤ እኔ ጅሏ አሸነፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። ፂሙንም አሳድጎ ነበር። ፀጉር ቤቱ ሁሉ ስለተዘጋ ነው ብዬ አለፍኩት።

መብራቱን ቦዳ አመጣው፣ ባሌ ራሱ ገጠመው። ያን ዕለት ለእናቴ ረጅም ድምፅ ላክሁላት። «እማዬ፣ አማችሽን በአምፖል ረታሁት!» ብዬ ጭቅጭቁን ከነድምፁ እያስመሰልኩ ነገርኳት። እህቴ ወዲያው በድምፅ መለሰች። «ሳቀች፣ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች» አለችኝ። ስንት ጊዜ ደጋግሜ እንደሰማሁት! በሕመሟ መሀል አሳቅኋት ብዬ ቀኑን ሙሉ እየዘፈንኩ ዋልኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ አመሻሽ ላይ ከወጥ ቤቱ በር ሆኜ ሳይ የጡቦቹ ቀዳዳ ይበራል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይበራል። አዲሱ መብራት ተበላሸ ብዬ ልቤ ተቃጠለ፤ ተጨቃጭቄ ያስገባሁት አይደል? ባለሱቁን እየረገምኩ ወረድኩ። በሩ ጋ ስደርስ ጨለማ ሆኗል፤ ከውስጥ የባሌ ድምፅ ይሰማል።

«ለአርባዋ ለካህናቱ የሚሆነውን እልካለሁ። እሷማ ምንም አልሰማችም።»

በሩን ገፋሁት። መብራቱ ቦግ አለ። ባሌ የተሰበረው ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ስልኩ ጆሮው ላይ ነው፣ ፂሙ በእንባ ርሷል። የማን አርባ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ፓምፑም ምንም አልሆነም፤ ከእኔ ተደብቆ የሚያለቅስበት ቦታ ነበር የፈለገው።

«ሰው በሌለበት እንዴት ላርዳሽ?» አለኝ። «መንገዱ ሲከፈት ሽማግሌዎቹን ይዤ፣ በጠዋት፣ በወጉ... ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ እኮ ነው።»

ወግ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ። ለካ ሙንዮንዮ ሰፈር ያሉት ያገራችን ሰዎች፣ ወዳጆቻችን፣ ያውቃሉ፣ በስልክ «በርቺ» የሚሉኝ ሁሉ ያውቃሉ። አልቃሽ እስኪሰበሰብልኝ ድረስ እኔን በእናቴ አርባ ውስጥ ሲያዘፍኑኝ ከረሙ። ያኔ እሱን ላየው አልቻልኩም፤ ስልኩን ከእጁ ነጠቅሁት። ወዲያ ማዶ ያለችው እህቴ ነበረች፤ አልዘጋችም።

«የመብራቱን ነገር የነገርኳት ቀን» አልኳት፣ «እማዬ ነበረች?»

«የትኛው ቀን?» አለችኝ።

«ሳቀች ያልሽኝ ቀን። ነበረች ወይ?»

«ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው፣ እህቴ» አለች እያለቀሰች።

ሞትማ የእግዚአብሔር ነው፣ ምን እላለሁ። ባሌንም ውሎ አድሮ ይቅር ብዬዋለሁ። ያንን ሳቅ ግን እህቴ ናት የፈጠረችው፤ ከእናቴ የቀረኝ የመጨረሻ ነገር ብዬ የያዝኩት ደግሞ እሱን ነበር።